አራት ሴቶች ያልቀመሱት ምስር

ባለፈው ቅዳሜ ዌስትላንድስ ውስጥ የልጅ ልጄን በሕዝብ ፊት አዋረድኳት አሉ። ከገበያ አዳራሹ ወጥተን መንገድ ልንሻገር ስንቆም፣ አጠገባችን ሁለት መነኮሳት ቆመዋል፤ ብርቱካንማ ልብስ ያጣፉ፣ ራሳቸውን የተላጩ፣ አንደኛው ጥቁር ጃንጥላ የያዙ። እኔም ነጠላዬን አስተካከልኩና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ጃንጥላ የያዙት አዛውንት ፈገግ አሉልኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሜላት ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እንደ አገሩ ልጆች «ሾሾ» ነው የምትለኝ፣ አያቴ ለማለት።

«ሾሾ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው እኮ። ቄስ መሰሉሽ እንዴ? ቡዲስቶች ናቸው።»

«ታዲያ ቡዲስት እጅ አይነሣም?»

«ቲቸራችን እንደኛ ፈጣሪ የሚሉት የላቸውም ብላናለች። ቻርት ራሱ ሠርተናል።»

«ቲቸርሽ ለነሱ ወጥ ሠርታ ታውቃለች?»

«ኖ! ወጥ ምን አገባው?»

ቻርቱን ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ። የዓለም ሃይማኖት ሁሉ በመስመር በመስመር ተደርድሯል፤ መሥራች፣ መጽሐፍ፣ አምላክ፣ ጾም፣ ከሞት በኋላ፣ በየሳጥኑ ሁለት ሦስት ቃል። በቡድሃ መስመር፣ ጾም በሚለው ሥር፣ «መነኮሳት ከቀትር በኋላ አይበሉም» ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። የበሩ ጥበቃ ሳይቀር ዞሮ አየኝ፣ ሜላትም በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ምን ላድርግ! ያቺ አራት ቃል አንድ ጊዜ በቁሜ ልትገድለኝ እንደነበር ልጅቷ በምን ታውቃለች።

ያን ጊዜ ፓርክላንድስ እንዲህ አልነበረም። አሁንማ ፎቅ በፎቅ ሆኖ ሰማይ ለማየት አንገት መቀልበስ ነው። ያን ጊዜ ቀይ ጣሪያ ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፣ በየአጥሩ ቦገንቪሊያ፣ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ ለሠራተኛ ተብለው የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች፤ እኛ ስደተኞቹ የምንኖረው በነዚያ ነበር። ማታቱ እስከ መሀል ከተማ አሥር ሽልንግ ነው፤ ለዚያውም ሹፌሩ የኮንጎ ጊታር እስከ ጣራ ከፍቶ፣ ጆሮህን ወስዶ እግርህን ያደርስልሃል። እነሱ ሱኩማ የሚሉት ጎመን አንድ ትልቅ እስር አምስት ሽልንግ። ልብሳችን ከሚቱምባ፣ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ነው፤ እኔ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ሰማያዊ ኮት ነበረኝ፣ ስለብሰው ቦክሰኛ እመስላለሁ፣ ግን ወይ ኩራት! እሱን ደርቤ በየጠዋቱ ሁርሊንግሃም እሄዳለሁ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሠፈሩ «ማማ ሊያ» ይለኛል፣ በልጄ ስም፤ እዚህ እናት የምትጠራው በልጇ ነው። ሊያ የሜላት እናት መሆኗ ነው። በእጄ ወጥ የሚኩራሩት ደንበኞች ከናኩሩ ድረስ ይመጡ ነበር። ይህን ለጉራ አልነገርኳችሁም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ኩሱማ የስሪላንካ ሰው ናቸው። እኔና ጎረቤቴ ታደለች በመጣን ጊዜ «ወረቀት አላችሁ?» ሳይሉ ሁለት ክፍል ከፍተው ያስገቡን ሴት ናቸው። ባላቸው ሻይ ቀማሽ ነበሩ። እንጀራቸው ይኸው ነው፤ ለጨረታ የሚቀርበውን ሻይ በማንኪያ መምጠጥ፣ መትፋት፣ ይኼኛው ደህና ነው ያኛው ነፍስ የለውም ማለት። እንዲህ ያለም ሥራ አለ እንዴ ብዬ ስገረም ኖሬአለሁ። ሰውዬው በድንገት ሞቱ። ወይዘሮ ኩሱማ ከዚያ ወዲያ ሰው መሆን ተዉ። ሳህን ከፊታቸው ይቀመጣል፣ እንደተቀመጠ ይነሣል። ጥርሳቸውን ያየ የለም። በዚያ ላይ መታጠቢያ ቤት ወድቀው የቀኝ እጃቸው ተሰበረና እስከ ክርናቸው ጀሶ ሆነ።

አንድ ቀን ወደ በሬ መጡ። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያፈራረቁ ነው የምንነጋገረው። «ረቡዕ ሦስተኛ ወሩ ይሞላል» አሉኝ። «አምስት መነኮሳት ጠርቻለሁ። በስሙ አበላቸዋለሁ፣ በጎ ሥራውም ለሱ ይደርሳል። ምግቡ ከቤቴ እሳት መውጣት አለበት። እጄ ግን ይኸው።»

«ተዝካር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምንድን ነው?»

«ተዝካር ነዋ! እኛም እናደርገዋለን። አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ቄሶች ይጸልያሉ፣ ድሀ ይበላል።»

ወይዘሮ ኩሱማ እንደ ሥጋ ዘመድ አዩኝ። እኔም ሆዴ ባባ። አባቴ የሞተው እኔ ሞያሌን በተሻገርኩ በወሩ ነው። ተዝካሩን ወንድሞቼ ሲያወጡ እኔ እዚህ የሰው ሳህን አጥብ ነበር፣ አንዲት ማሰሮ እንኳ አልተሸከምኩለትም። ስለዚህ ሳላስበው «እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ በእኔ ይሁንብዎት» አልኩ። ቃል ነው እንግዲህ። ለባልቴት የተሰጠ፣ በሙት ስም።

ጠቡ የመጣው ከታደለች ጋር ነው። ታደለች ጴንጤ ናት፣ ለዚያውም የጸሎት ቤቷን ወንበር ስትገዛ የኖረች፤ ከክፍሏ የመዝሙር ካሴት ጠፍቶ አያውቅም። ሹራብ ሠርታ ትሸጣለች። ደግነቷ የእናት ነው፣ ምላሷ ግን ምላጭ።

«ምስል ፊት ምግብ ሊቀመጥ?» አለችኝ።

«ትንሽ ሳህን ናት እኮ! መጀመሪያ ለቡድሃ ያቀርባሉ፣ ከዚያ መነኮሳቱ ይበላሉ።»

«ትንሽ መርዝ ናት በይኛ። ደግሞስ ለሞተ ሰው! ሰው በቁሙ ሳለ ነው የሚታረቅ። ከሄደ በኋላ ምስር ምን ይረባዋል?»

«አንቺማ የኛንም ተዝካር አትወጂ!»

«አልወድማ!»

ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ግድግዳው ስስ ነው፣ ስታስነጥስ እሰማለሁ፣ «ይማርሽ» ማለት እያማረኝ አፌን እይዛለሁ። ትናንት ይህን ልጽፍ ነው ብዬ ስደውልላት «መርዝ አላልኩም» ብላ ድርቅ አለችብኝ። ብላለች። የሰማሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ሆነ። ወይዘሮ ኩሱማ መነኮሳቱ አምስት ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ነግረውኛል። ሰዓቱን አልተሳሳትኩም፣ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው። የተሳሳትኩት ሌላ ነው። ምን ያለ መነኩሴ ነው በረቡዕ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል የሚቀምስ? አምስት ሰዓት ይመጣሉ፣ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ ዘጠኝ ሲሆን ማዕድ ይቀርባል አልኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። አወቅሁ ባይነት! ምስሩን ለቅሜ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ሩዙን አጥቤ፣ በእሳቸው ማድ ቤት ወንበር ስቤ፣ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እንዲያውም እያንጎራጎርኩ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ኩሱማ ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው ገቡ። በግራ እጃቸው አንዱን ድስት ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ሌላውን ከፈቱ፤ ጥሬ ሽንኩርት።

«ምግቡስ?»

«ይደርሳል፣ ምን አስቸኮለዎት? ለዘጠኝ ሰዓት ትኩስ ትኩሱን።»

መልካቸው አመድ መሰለ። «ስድስት ሰዓት ካለፈ እስከ ነገ ጠዋት አይበሉም።»

«ምንም?»

«አንዲት ፍሬ ሩዝ።»

«አለቃቸው ቢለመኑስ? ለዛሬ ብቻ?»

«ሕጉን ያወጡት እሳቸው አይደሉም። ከቡድሃ የመጣ ነው።» ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ «ቀኑ በባዶ ሳህን ሊያልፍበት ነው» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

ክው አልኩ። ለካስ የኛ መነኩሴ ቀትር እስኪያልፍ ይጾማል፣ የነሱ መነኩሴ ቀትር ካለፈ ይጾማል! እኛ በጠዋቱ በኩል፣ እነሱ በማታው በኩል፣ አንዱን ቀን ከሁለት ጫፍ ይዘን ስንራብ ኖረናል። ይህን ለማድነቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ያለኝ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፣ የጋዝ ምድጃው ሁለት ዓይን ብቻ ነው፣ አንደኛው ደግሞ እያነከሰ ነው የሚነድ። ኩራቴን ዋጥ አደረግሁና የታደለችን በር ደበደብኩ። መዝሙሩን ቀንሳ ወጣች። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«ምስሉ ፊት የምትቀርበዋን ሳህን አልነካም» አለችኝ።

«አትንኪያት!»

«ከወጡም አልቀምስም።»

«አትቅመሺ! የከሰል ምድጃሽን ብቻ አምጪልኝ።»

ትንሽ አየችኝ። «ባልቴት ናቸው፣ እጃቸውም ተሰብሯል» አለች፤ «ለሳቸው ብዬ ነው፣ ለሞተው አይደለም።»

«ለማን ብለሽ እንደሆነ ኋላ ታስተምሪኛለሽ። አሁን አማስይ!»

የነደደውን ጂኮ ከነፍሙ ተሸክማ ስትሮጥ ብታዩዋት! ጩኸታችንን ሰምታ ከአጥሩ ማዶ ማማ ፋጡማ መጣች፣ የባሕር ዳርቻ ሰው፣ ድርብብ ያለች ሙስሊም። ምቡዚዋን ታቅፋለች፤ ምቡዚ ኮኮናት የሚፋቅባት፣ ጫፏ ላይ የብረት ምላስ ያላት ዝቅተኛ በርጩማ ናት። እሷ ላይ ተቀምጣ አራት ኮኮናት በዓይን ጥቅሻ አመድ አደረገችው። እኔ ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ ታደለች ምስር ታማስላለች፣ ወይዘሮ ኩሱማ በግራ እጃቸው ቅመም ያቀብላሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል? አንድ ጭልፋ ሩዝ መሬት ፈሰሰ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ምስሩ በኮኮናቱ ወተት ተንተከተከ። «ቅመሺው» አልኩ ለታደለች፣ ረስቼ። በዓይኗ ገላመጠችኝ። እኔ ራሴ አልቀምስ ነገር ረቡዕ ነው፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። «ማማ ፋጡማ፣ እስቲ አንቺ።» ማማ ፋጡማ ደግሞ ከረመዳን ያመለጣትን ቀን ልትከፍል ጾመኛ ናት። ወደ ወይዘሮ ኩሱማ ዞርን። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለመነኮሳቱ የሚሰጥ ነገር አስቀድሞ አይቀመስም፣ ከቀመሱት ትርፍራፊ መስጠት ይሆናል። ወይ ጉድ! አራት ሴት፣ አራት ሃይማኖት፣ አንድ ድስት፣ አንድ ምላስ የለም። ያውም በሻይ ቀማሽ ቤት! የሜላት ቻርት ለዚህ ቦታ የለውም። እኔ ታዲያ ዓቢይ ጾምን ሙሉ በማሽተት ከሚያበስሉ ሴቶች የወጣሁ ነኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ እንፋሎቱን ሳብኩ፣ «ልክ ነው!» አልኩ። እንደ ዳኛ።

መነኮሳቱ ደረሱ። በራፍ ላይ እግራቸው በውኃ ታጠበ። እኔ ከማድ ቤት በር ሆኜ «ጸሎተ ሐሙስን መሰለ» ስል፣ ማማ ፋጡማ «የለም፣ ውዱእ ነው» ትላለች። ጫማ ውጭ ቀረ፣ ወይዘሮ ኩሱማም ከማድ ቤቱ በር አጠገብ መሬት ተቀመጡ። ዜማቸውን ጀመሩ፣ ረጅም፣ እየወረደ የሚነሣ። «ምን ማለት ነው?» አልኳቸው ወይዘሮ ኩሱማን በሹክሹክታ። የጥንት ቋንቋ ነው፣ እኔም ሁሉን አልሰማውም አሉ። ደስ አለኝ። እኔስ ግእዙን መች ሰምቼው አውቃለሁ፣ ግን ያለ እሱ ቅዳሴ ቅዳሴ ይሆናል? ታደለች ብቻ ከኋላዬ «ሰው እንዴት በማይሰማው ቋንቋ ይጸልያል» እያለች ታጉተመትማለች። አፏን በአገልግል ክዳን ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ማዕዱ ቀረበ። አቤት ያ የግድግዳ ሰዓት! ወጣቶቹ መነኮሳት ቶሎ ቶሎ በሉ። አለቃቸው፣ አዛውንቱ፣ ግን አንዷን ጉርሻ እንደ ዳዊት ይደግሟታል። ያላምጣሉ፣ ያቆማሉ፣ ይውጣሉ። ስድስት ለመሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሳህናቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉ፣ ምስር ጨመርኩላቸው። አሥራ አምስት ሲቀረው ደግሞ ገፋ አደረጉ። በአንድ በኩል ሰዓቱ ያርደኛል፣ በሌላ በኩል ልቤ አበጠ፤ አያችሁ፣ ከሁሉ የኔን ምስር! አሥር ሲቀረው የመጨረሻዋን ዋጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ አፋቸውን አበሱ።

እኔ አላሰብኩትም፣ ከሆዴ ነው የወጣው። እልልልልልል! በዚያ ጭጭ ባለ ቤት፣ በቡድሃ ፊት፣ በለቅሶ ቀን። ማማ ፋጡማም የባሕር ዳርቻዋን እልልታ ለቀቀችው፣ ከማድ ቤት ደግሞ «ሃሌ ሉያ!» የሚል ተሰማ። አምስቱም መነኮሳት ደንግጠው ዞሩ። አፈር በሆንኩ አልኩ። አዛውንቱ በወይዘሮ ኩሱማ በኩል ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ስናሸንፍ እንዲህ ነው የምንለው» አልኳቸው።

«ማንን አሸነፋችሁ?»

«ስድስት ሰዓትን!»

ሲተረጎምላቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እኚያ ጭምት ሽማግሌ ስቀው እንባቸውን ጠረጉ። ወይዘሮ ኩሱማ ግን አልሳቁም። የእሳቸው እንባ የሌላ ነው።

ከዚያ የሟቹ በረከት ሥርዓት መጣ። አንድ ሰፊ ሳህን፣ መሀሉ ላይ ኩባያ ይቀመጣል፤ ቤተሰብ አንድ ላይ ማሰሮ ይዞ ኩባያው ሞልቶ እስኪፈስ ውኃ ያንቆረቁራል፣ በጎው ሥራ እንዲህ ለሟች ይትረፍለት ማለት ነው። ወይዘሮ ኩሱማ ቤተሰብ የላቸውም፣ የሚይዙበት እጅም የላቸውም። «ያዥልኝ» አሉኝ። ከማሰሮው ሥር ያዝኩ። «ያንቺም ሰው ካለ በልብሽ ጥሪው። ውኃው ለአንድ ሰው ብቻ አይፈስም።» አባቴን ጠራሁት። እኔ የጠራሁት ወደ ፈጣሪዬ ነው፣ እሳቸው የጠሩት በራሳቸው መንገድ፤ ውኃው ግን አንድ ነበር፣ ሞልቶ ሲፈስ ሁለታችንም አለቀስን። ወደ ማድ ቤት ስመለስ ታደለች ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ለሞተ አልጸልይም» አለችኝ፤ «ለቆሙት ግን ጸለይኩ። ለሳቸው።» ከሁለት ቀን በኋላ ያን ጊዜ ታረቅን።

መነኮሳቱ ሄዱ። ወይዘሮ ኩሱማ ብሉ ሲባሉ «እናንተ ሳትበሉ አልበላም» አሉ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብላት እችል ነበር፣ ግን ማማ ፋጡማን ትተን? እሷ እስክታፈጥር እንጠብቅ ተባለ። ታደለች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋለችና «ድስት ውስጥ የቀረው ምስሉ ፊት አልቀረበም» ብላ ፈረደች። ከሠፈሩ መስጊድ አዛን ተሰማ፣ ማማ ፋጡማ በቴምር አፈጠረች፣ ታደለች ከመነኮሳቱ ዜማ በማያንስ ጸሎት ማዕዱን ባረከች፣ እኔ አማተብኩ። ወይዘሮ ኩሱማ የመጀመሪያዋን ጎረሱ። ቆም አሉ። እኔም ጎረስኩ።

ጨው የለውም። ቅንጣት!

«አንቺ አልጨመርሽም?» አልኳት ታደለችን።

«እኔ አልቀምስም አልኩ፣ ጨው የኔ ነው አልኩ? ድስቱ ያንቺ ነው!»

«የኔ ኮኮናቱ ብቻ ነው» አለች ማማ ፋጡማ እጇን እያነሣች።

የሁርሊንግሃም ወጥ ቤት፣ የናኩሩ ደንበኞች እመቤት፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ አቀረቀርኩ። ወይዘሮ ኩሱማ አሁንም ጉርሻውን በአፋቸው ይዘዋል። «ሽማግሌው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።»

ማማ ፋጡማ እጇን አወረደች።

«ሁለት ጊዜ!» አሉ ደግሞ። «ባሌ ቢሆን ገና ከከንፈሩ ይተፋው ነበር። ያውም በሙያው!» ከዚያ ጀሶ የሆነ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ትንሽ ሳቅ አይደለም፤ ሦስት ወር ሙሉ የታፈነ፣ ከወንበር የሚያስነሣ፣ ውሻ የሚያስጮህ ሳቅ። ታደለች ተከተለች፣ ማማ ፋጡማ ምቡዚዋ ላይ ተንከባለለች፣ እኔም ኀፍረቴን ጣልኩት። ጎረቤት በመስኮት እስኪያይ ሳቅን።

እንባዬን ጠርጌ «ጨው ላምጣ?» ብዬ ተነሣሁ።

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ ኩሱማ፣ ባዶ ሳህናቸውን እየዘረጉልኝ። «ጨምሪልኝ።»